ለዘጠነኛ ክፍል የተላኩ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ የላክኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ለራሴ አይደለም፤ ለራሴማ የሚልክልኝ ሰው እስካሁንም አልተገኘም። የላክኩት አንድ የሐብሩ ገበሬ ሴት ልጃቸውን እንዲሰጡኝ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ላስገባት። ነገሩን ለአዲስ አበባ ጓደኞቼ ሳወራላቸው መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥሎ “የምርሽን ነው?” ይላሉ፤ ከዚያ እንደገና ይስቃሉ። እኔም አሁን አብሬያቸው እስቃለሁ። ያኔ ግን መርሳ ከተማ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ተቀምጬ ጥፍሬን እየበላሁ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ በጨረስኩ በሦስተኛው ወር፣ አዲስ ተመራቂዎች ለአንድ ዓመት ገጠር ሄደው የሚያስተምሩበት ፕሮግራም ላይ ተመዘገብኩ። ማመልከቻዬ ላይ “የልጃገረዶችን አቅም ለማጎልበት” ብዬ ጻፍኩ። ሐረጉን ደጋግሜ ሳነበው፣ አቅም የሚባል ነገር ሁሉ እኔ ዘንድ ተከማችቶ የቀረው ማከፋፈሉ ብቻ መስሎ ታየኝ። የደረሰኝ ሐብሩ ወረዳ ነበር። እናቴ “የሰው አገር!” ብላ ሦስት ቀን አለቀሰች። እኔ ከአዲስ አበባ ርቄ የማላውቅ፣ እሷም እኔን ከዓይኗ ለይታ የማታውቅ ስለሆነች ለሁለታችንም ከደሴ ወዲያ ያለው ሁሉ ባሕር ማዶ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ጋ ለመድረስ ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ መንገድ ላይ ወርጄ፣ አርባ ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ። በመካከሉ አንድ ወንዝ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ወንዙ ገና የክረምቱን ውኃ አልጨረሰም ነበርና ዳሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። አራት የሰባተኛ ክፍል ልጃገረዶች አገኙኝ። ሁለቱ እጄን ያዙ፣ አንዷ ቦርሳዬን፣ አንዷ ጫማዬን፤ እየሳቁ አሻገሩኝ። በዚያን ቀን የማን አቅም እንደጎለበተ ለመናገር አልደፍርም።

እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ደግሞ የልጃገረዶች ክበብ እመራለሁ። ለክበቡ አዲስ አበባ የተዘጋጀ ወፍራም መመሪያ ተሰጥቶኛል። የመጀመሪያው ገጽ “ተሳታፊዎች የወደፊት ሕልማቸውን እንዲስሉ አድርጊ” ይላል። ወረቀትና ቀለም አደልኩ። አሥራ ስምንት ልጃገረዶች አሥራ ስምንት ዶክተር ሣሉልኝ፤ ሁሉም ነጭ ጋዋን የለበሱ፣ ሁሉም አንገታቸው ላይ የልብ ማዳመጫ ያንጠለጠሉ። በደስታ ላለቅስ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ኋላ ሳጣራ ከእኔ በፊት የነበረችውም መምህርት ሕልማቸውን እንዲስሉ አድርጋ ኖሯል፤ እስክሪብቶ የሸለመችው ዶክተር የሣለችውን ልጅ ነው።

አሥራ ዘጠነኛዋ ብቻ ሌላ ነገር ሣለች። አስፋልት መሐል የቆመች ሴት፤ ፊት ለፊቷ ቤት የሚያህል ሲኖትራክ።

“ይሄ ምንድን ነው?” አልኳት።

“ትራፊክ ናት፣ ቲቸር።”

“ለምን ትራፊክ መረጥሽ?”

“እጇን ስታነሳ ሲኖትራኩ ይቆማል” አለችኝ። ይህን ሳላውቅ እንዴት አስተማሪ እንደሆንኩ የገረማት ትመስል ነበር።

ታሪኬ የዚህች ልጅ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፤ ክፍል ውስጥ አርባ ደቂቃ አንድ ቃል ሳትናገር ቆይታ ደወል ሊደወል ሲል እጇን ታወጣና ትምህርቱን በሙሉ የሚያፈርስ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። አንድ ቀን ስለ ሰላምታ አስተምሬ ስጨርስ፣ “ቲቸር፣ አንቱ ይህን እንግሊዝኛ እዚህ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?” አለችኝ። “አንቱ” መባሌም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነበር፤ በዚያ ሰሞን መስታወት ፊት ቆሜ ሽበት ፈልጌያለሁ።

ዓመቱ አልቆ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት መጣ። ልጅቷ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ሆነች፤ ከወንዱም ከሴቱም። ውጤቱ የተለጠፈበት ግድግዳ ሥር፣ ርዕሰ መምህሩ እያዩኝ፣ ጨፈርኩ። ለራሴም አንድ ዓመት እንዲጨመርልኝ አስቀድሜ ጠይቄ ተፈቅዶልኝ ስለነበር ሁሉም ነገር የተሰካካ መሰለኝ። የዘነጋሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ላይ ያበቃል። ዘጠነኛ ክፍል ያለው መርሳ ነው። ከመንደራቸው በየቀኑ እንደ እኔ የሚኒባስ እየከፈሉ መመላለስ ለገበሬ ልጅ አይቻልም። ወንዶቹ ሦስት አራት ሆነው ቤት ይከራዩና ስንቃቸውን ከቤት እያመጡ ይማራሉ። ሴቶቹ መርሳ ዘመድ ካላቸው ይሄዳሉ፤ ከሌላቸው ይቀራሉ። እሷ ዘመድ የላትም። አባቷም አትሄድም ብለዋል።

እንግዲህ እኔ ለዚህ ቀን ነው የተፈጠርኩት ብዬ ተነሳሁ። ብቻዬን ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አባትየው ረጅም፣ ረጋ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ማሽላና በቆሎ ያመርታሉ። በክብር አስቀመጡኝ። ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ሴቶች እኩልነት፣ ስለ አገር ዕድገት አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ስጨርስ “ጥሩ ተናገርሽ መምህርት፣ እናስብበታለን” አሉና እናትየው እሸት በቆሎ በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። በሳምንቱ ተመለስኩ፤ ያንኑ ንግግር በምሳሌ አሳምሬ ደገምኩት። “ጥሩ ተናገርሽ፣ እናስብበታለን።” ሌላ ፌስታል። በሦስተኛው ጊዜ በቆሎው ለግቢያችን ተከራይ ሁሉ ተርፎ ነበር፤ ልጅቷ ግን ያው ቤቷ ናት።

በዚያ በሦስተኛው ቀን አባትየው እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ጥቂት እንደሄድን፣ “መምህርት” አሉኝ፤ “ትልቋንም በዚሁ መንገድ ነው የሸኘኋት።”

ትልቋ ልጃቸው ከአራት ዓመት በፊት መርሳ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ነበር። ለብቻዋ ቤት ተከራየች። ዓመቱ ሳያልቅ ደላላ አገኛት፤ አንድ ቀን ቤቷ ሲሄዱ የለችም። ከብዙ ወራት በኋላ የደወለችው ከሳዑዲ ነው። አሁንም እዚያው ሰው ቤት ትሠራለች፤ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች።

“ደግ ሰዎች ናቸው ትላለች” አሉኝ። “ደግ ቢሆኑማ አንድ ቀን እንኳ ወደ አገሯ ይሰዷት ነበር።”

መመሪያዬ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ገጽ አልነበረም። በቆሎዬን ታቅፌ እስከ አስፋልቱ ድረስ አለቀስኩ። ሰውየው ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ሥራዬ ቀላል ነበር፤ ክፉ ሰውን እንዴት እንደምሞግት ሥልጠና ወስጃለሁ። ልጁን የሚወድ፣ የፈራ ሰው ግን ምን ይባላል?

አከራዬ መርሳ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ ድምፃቸው ከሱቁ እስከ መናኸሪያ የሚሰማ ሴትዮ ናቸው። እንደገባሁ ፊቴን አይተው ጉዳዩን አስተፉኝ።

“ሦስቱንም ጊዜ ብቻሽን ነው የሄድሽው?”

“አዎ፣ እትዬ።”

“ሴት ልጅ ልትጠይቂ? ብቻሽን? ምነው አንች ልጅ! ታዲያ ሰውየው ምን ይበልሽ? እምቢ ቢል አንችን ብቻ ነው ያስቀየመ፤ አንች እንደሁ ነገ አገርሽ ትገቢያለሽ። ሽማግሌ ላኪበት እንጅ!”

“ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ አይደለም እንዴ?”

“ልጅቷን ከአባቷ ቤት ልታወጭ አይደል የፈለግሽ? በምን ይለያል!”

በዚያው ቀን ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱን እሳቸው ራሳቸው መረጡ። አንደኛው መርሳ ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ የሚያስታርቁ አንድ አዛውንት ሼህ ናቸው። ሁለተኛው የአከራዬ ወንድም፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ከደሴ እስከ ወልድያ ያላሳፈሩት ሰው የለም፤ ያላወሩበትም ኪሎ ሜትር የለም። “ሦስተኛውን አንች ፈልጊ” አሉኝ አከራዬ፣ “ሰውየው ቃሉን የሚሰሙት ሰው ይሁን።” ይህን ብለው ልጃቸው ወልድያ ወልዳ ስለነበር ሊያርሷት ሄዱ።

ቃሉን የሚሰሙት ሰው። አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ አገኘሁ! ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል የሚሠራ አንድ የሰብል ባለሙያ አለ፤ ወልድያ ስመላለስ ሚኒባስ ውስጥ የተዋወቅነው። አባትየው አምና እሱ ያመጣውን የማሽላ ዘር ዘርተው በጣም ስለሰጣቸው ሲያነሱት ይመርቁታል። ከዚህ የበለጠ ተሰሚ ከየት ይመጣል? ለመንኩት፤ ሳይወድ በግድ እሺ አለኝ። አከራዬ ከወልድያ ደውለው “ሦስተኛው ተገኘ?” አሉኝ።

“ተገኝቷል።”

“ትልቅ ሰው ነው?”

“ማስተርስ አለው” አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። እኔ ግን ኔትወርኩ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ማለዳ ተነስተን ሄድን። ሼሁ ከዘራቸውን ይዘዋል፤ ሾፌሩ እንደ አውቶቡስ ዘመናቸው መንገዱን እየወቀሱ ከፊት ይመራሉ። ባለሙያው በዚያ ጭቃ ጫማውን ወልውሎ፣ ሸሚዙን እንደ ወረቀት ተኩሶ መጥቷል። ሽቶም ነበረው። ሁለቱ አዛውንቶች ያዩታል፣ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ነገሩን ለምን ያኔ እንዳልነገሩኝ ኋላ ስጠይቃቸው ሾፌሩ፣ “የአዲስ አበባ ወግ መስሎን ነው” አሉኝ።

ቤቱ አጠገብ ስንደርስ ሼሁ አስቆሙኝ። “ላኪ ከተላኪ ጋር አይገባም። አንች እዚች ዛፍ ሥር ቆይ።” ቆየሁ። አምስት ደቂቃ ያህል። ከዚያ ማሽላው ውስጥ ገብቼ፣ አጎንብሼ፣ እስከ አጥሩ ድረስ ተጠጋሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ደጁ በሙሉ ይታያል። ዲግሪ አለኝ፣ የሥልጠና ሰርተፊኬት አለኝ፤ ማሽላ ውስጥ ተንበርክኬ የሰው ቤት በቀዳዳ አያለሁ።

“ቲቸር፣ ምን ጠፋብዎ?” የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ክው አልኩ። ልጅቷ ናት፤ ውኃ የሞላ ጀሪካን አዝላ ቆማለች። እጇን ስቤ አስቀመጥኳት።

“ዝም በይ። ለአንቺ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ልትገቢ ነው! ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ፣ ፍራሽ ገዝቼልሻለሁ” አልኩ በሹክሹክታ።

አየችኝ። ምንም አላለችም። እኔ ዝምታዋን ከደስታ ቆጠርኩት፤ ስቸኩል ሁሉን ነገር ለእኔ እንደሚመቸኝ ነው የማነበው።

በዚያ መሐል ደጁ ላይ ሰላምታው አልቋል። አባትየው “ግቡ፣ ተቀመጡ” ይላሉ። ሼሁ ከዘራቸውን ተደግፈው “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ። ይህን ሲሰሙ አባትየው ፊታቸው ተለወጠ። በአገሩ ይህ ንግግር የሚነገረው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ሼሁን አዩ፣ ሾፌሩን አዩ፤ ዓይናቸው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሸሚዙ ላይ፣ ጫማው ላይ፣ ባላገባ ዕድሜው ላይ።

“ሴት ልጅህን ፈልገን ነው የመጣን” አሉ ሼሁ።

“ዘመድ ልንሆን ነው!” አሉ ሾፌሩ፣ ነገሩን ያሞቁ መስሏቸው።

አባትየው በአገጫቸው ወደ ባለሙያው ጠቆሙ። “ለዚህ ነው?”

ያላገባ ወጣት ሽማግሌ ሆኖ እንደማይላክ፣ ሙሽራም ከሽማግሌ ጋር አብሮ ሄዶ ለራሱ እንደማያስጠይቅ እዚያ አገር ሕፃን ያውቃል። እኔ ያወቅኩት በዚያች ደቂቃ፣ በአጥር ቀዳዳ ነው። ባለሙያውም ያወቀው ያኔ ነው መሰል ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።

“ለእኔ? ኧረ በፍጹም! እኔ እሷን አልፈልግም!”

“ምኗ ተነውሮ ነው?” አሉ እናትየው ከማዕድ ቤቱ በር ብቅ ብለው። “ልጄ ምን ጎደላት?”

“አይ፣ ምንም አልጎደላትም፤ በጣም ጥሩ ልጅ ናት…”

“የት ታውቃታለህ?” አሉ አባትየው አንድ እርምጃ ወደፊት እየመጡ።

ባለሙያው ምን እንደሚል ጠፍቶት ስለ ማሽላ ዘር ማውራት ጀመረ። አባትየው እጃቸውን አነሱ።

“ስማ! ዘሩ ግሩም ነው፤ አልክድም። ዘር አመጣህልኝ ብየ ግን ልጄን አልሰጥህም! ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ልጄ ተማሪ ናት! ሚኒስትሪ አንደኛ የወጣች ልጅ ናት! ትማራለች እንጅ አትዳርም!”

አጥሩ ሥር እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ።

“ትማራለች?” አሉ ሼሁ ቀስ ብለው።

“ትማራለች!” አሉ አባትየው፣ ገና ቁጣቸው ሳይበርድ።

“እንግዲያስ የመጣንበት ጉዳይ ይኸው ነው። ትማር ብለን ነው የመጣን። ቃሉን ከአፍህ ሰማን፤ አልሐምዱሊላህ።” ሼሁ ይህን ብለው ተቀመጡ። ሾፌሩም “ተመስገን!” ብለው ተቀመጡ። ባለሙያው ብቻ ቆሞ ቀረ።

አባትየው አንዴ ሼሁን አንዴ ባለሙያውን ሲያዩ ቆይተው ነገሩ ገባቸው። መጀመሪያ የሳቁት እናትየው ናቸው፤ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሳቃቸው ግን ደጅ ድረስ ይሰማ ነበር። አባትየውም መሬት መሬት እያዩ ሳቁ። “ቃሉን ከአፌ አወጣችሁት” አሉ። “ያቺ መምህርት ናት የላከቻችሁ? ይሁን። ወጉ ወግ ነው፤ ዘመድ ላማክር። ሳምንት ተመለሱ።”

ዞር ስል ልጅቷ አጠገቤ የለችም። ጀሪካኗን ይዛ በጓሮ በኩል ገብታ ነበር።

ያ ሳምንት በሕይወቴ ከሠራሁባቸው ሳምንታት ሁሉ ይበልጣል። ክፍሌን በመጋረጃ ለሁለት ከፈልኩ። ጠረጴዛ አስመጣሁ። የጥናት ፕሮግራም ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፦ ከእንቅልፍ መነሻ፣ የእንግሊዝኛ ንባብ፣ የሒሳብ ጥያቄ፣ የክፍል ጽዳት፣ ከእኔ ጋር ስለ ዓላማ መወያያ። ለእናቴ ደውዬ “ልጅ ልወስድ ነው” አልኳት፤ “ባል ሳታገኚ?” ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። አከራዬ ከወልድያ ተመልሰው የባለሙያውን ነገር ሲሰሙ ጭናቸውን እየመቱ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ፕሮግራም ረጅም ሰዓት አዩት።

“ይህች ልጅ መቼ ነው የምትቀመጠው?” አሉ።

በቀጠሮው ቀን ባለሙያው ሥራ በዛብኝ ብሎ ቀረ፤ በእሱ ቦታ አከራዬ ገቡ። እኔንም አስከተሉኝ። ሽማግሌዎቹ ዛሬም ቆመው ጠበቁ፤ አባትየውም እንደ ወጉ ተቀበሉን። ዛሬ ግን ሳቅ የለም።

“ዘመድ ላማክር ብየ ነበር” አሉ። “ትልቋ ስትሄድ እኔ ምን ትፈልጊያለሽ ብየ አልጠየቅኋት፤ እሷም ልሂድ ወይ ብላ አልጠየቀችኝ። አሁን ጠይቄያለሁ። ያማከርኩት ዘመድ ይችው ናት። እሷው ትንገራችሁ።”

ልጅቷ ከውስጥ ወጣች። ሻሿን አስተካክላ ምሰሶው አጠገብ ቆመች። ዓይኗ መሬት ላይ ነው፤ ድምፅዋ ግን ቀጥ ያለ ነበር።

“ዘጠነኛ ክፍል መግባት እፈልጋለሁ።”

ሼሁም ሾፌሩም በአንድ አፍ ፈጣሪን አመሰገኑ። እኔ ጥርሴ ሁሉ ገጥጦ ነበር።

“ቲቸር ቤት ግን አልገባም” አለች።

ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደርቆ ቀረ። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ፍራሹስ? መጋረጃውስ? ሰው ይህን ያህል ደክሞ…

“ለምን፣ የእኔ ልጅ?” አሉ ሾፌሩ። “መምህርት ደግ ሰው አይደለች?”

“ደግ ናቸው” አለች። “እህቴም ደግ ሰዎች ቤት ናት።”

ሾፌሩ አንገታቸውን ደፉ። እሷ ቀጠለች።

“ሰው ቤት ሲኖሩ ተነሽ ሲሉ መነሳት ነው፣ ተኝ ሲሉ መተኛት ነው። ሁልጊዜ ማመስገን ነው። እህቴ ስትደውል እነሱን ስታመሰግን ነው የምንሰማት፤ ስለ ራሷ አንድ ነገር አትነግረንም። እኔ ከክፍሌ ልጆች ከሁለቱ ጋር እከራያለሁ። ለብቻየ አልሆንም። በሩን እኛው እንዘጋለን፣ እኛው እንከፍታለን።” ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አባቷን አየች። “አባ፣ እኔ ዓርብ ዓርብ አልደውልም። በእግሬ እመጣለሁ።”

አባትየው ፊታቸውን ወደ ማሽላው አዞሩ። ሼሁ ከዘራቸውን መሬት ላይ ያሽከረክሩ ነበር። አከራዬ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እኔ ንዴቴ ሄዶ በቦታው ሐፍረት ገብቶ ነበር። ዓመት ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ስለ ልጃገረዶች ድምፅ አስተምሬያለሁ። ሽማግሌ ልኬ፣ ፍራሽ ገዝቼ፣ የምትነሳበትን ሰዓት ሁሉ ወስኛለሁ። ምን እንደምትፈልግ ግን አልጠየቅኳትም። የጠየቋት ስለ እኩልነት አንድ ሰዓት ሙሉ ሳስተምራቸው ዝም ብለው የሰሙኝ አባቷ ናቸው።

“ይቅርታ” አልኳት።

“ፍራሹን ግን እንወስደዋለን፣ ቲቸር” አለች፤ ምሰሶውን ይዛ ትንሽ ፈገግ እያለች። ሾፌሩ ሳቃቸውን ለቀቁት፤ ያኔ ሁላችንም ሳቅን፤ አባትየውም ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ እኛ ዞሩ።

ከሁለቱ ልጆች ቤተሰብ ጋር ለመስማማት ሌላ ሁለት ሽምግልና ፈጀ፤ እሱን አከራዬ ጨረሱት፤ እኔን አላስጠጉኝም። ለልጆቹ ከእህል ወፍጮው ጀርባ ካለ ግቢ አንድ ክፍል ተገኘ። ትምህርት ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው አባትየው የማሽላ ዱቄት በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። ከውስጥ የሚዘጋውን መወርወሪያ በሩ ላይ የገጠሙት ራሳቸው ናቸው። ወጥተው ከደጅ ቆሙና “ዝጊው” አሏት፤ ዘጋችው። በትከሻቸው ገፉት። “እንደገና” አሉ። ሦስት ጊዜ እንዲያ አደረጉ፤ ሦስት ጊዜም በሩ አልተከፈተላቸውም።

ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ሙዝ ገዝቼ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አንኳኳሁ።

“ማነው?” የእሷ ድምፅ ነው።

“እኔ ነኝ።”

“እኔ ማን?”

“ቲቸር ነኝ፤ የእንግሊዝኛ መምህርሽ።”

ከውስጥ ሹክሹክታ ተሰማ፤ አንዷ ሳቀች፣ አንዷ ‘ዝም በይ’ አለች።

“ቲቸር፣ እያጠናን ነው። አንድ ጥያቄ ቀርቶናል፤ ትንሽ ይጠብቁን” አለች እሷ።

መወርወሪያው ከውስጥ እንደተዘጋ ነው። ሙዜን ይዤ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና ጥያቄውን እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።